ከእሳት በፊት ውኃ፦ ልብስን ያለ ካውያ የማስተካከል ታሪክ



ባለፈው ክረምት በልብስ አጠባ ቡድናችን ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ ሲበረታ አንዲት እኅታችን የከሰል ካውያዋን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ብርዱን ሽሽት በሩንና መስኮቱን ዘጋች። ለማግስቱ መድረስ ያለባቸው የተማሪ ሸሚዞች ነበሩባት። ሸሚዞቹን ሳትጨርስ ራሷን አዞራትና ወደቀች። ፍም ልትበደር የመጣች ጎረቤት በሩን ባትከፍተው ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በሐዘን ነበር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን እንቅልፍ የወሰደው እያስመሰለ ይገድላል። እኅታችን ተርፋለች፣ ተመስገን። ዛሬም ከእኛ ጋር ትሠራለች።

ከዚያ በኋላ ደጋፊዎቻችን «ምን እናግዛችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ብዙ ሳናስብ «የኤሌክትሪክ ካውያ» አልን። ጉዳዩ በወርኃዊ ስብሰባችን ሲነሳ ግን ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እናት እጃቸውን አወጡ። «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ልብስ መተኮስ አለበት ያለው ማን ነው? እኛ ልጆች ሳለን ካውያ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ተጨማደን ነበር እንዴ?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን ከሳቁ በኋላም አብሮን ቆየ። በቡድናችን ያለን ሴቶች ከፊሎቻችን በተመላላሽ ልብስ አጣቢነት፣ ከፊሎቻችን በሰው ቤት ሠራተኝነት፣ ጥቂቶቻችን ደግሞ በዓረብ አገር ለዓመታት ልብስ ስንተኩስ የኖርን ነን። ካውያ ከየት እንደመጣ፣ ልብስ ለምን እንደሚጨማደድ፣ «ካውያ አያስፈልገውም» የሚባለው ሸሚዝ ማን እንደሠራው ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ጠየቅን፣ አነበብን፣ ከልጆቻችንም ጋር ተመካከርን። ያገኘነውን እነሆ።

ተኮሰ የሚለው ቃል

በአማርኛ ልብስ ይተኮሳል፤ ጠመንጃም ይተኮሳል፤ የታመመ አካልም በጋለ ብረት ይተኮሳል። ካውያ የሚለው ስም ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን፣ እዚያም ያው ግስ ልብስ መተኮስንም ቁስልን በጋለ ብረት መተኮስንም ይገልጻል። በሁለቱም ቋንቋዎች ሥራው የሚታሰበው በእሳትና በብረት ነው። ምናልባትም በዚህ ምክንያት፣ ልብስ ያለ እሳት ተስተካከለ ሲባል ጆሯችን ግማሽ ሥራ አድርጎ ይሰማዋል። ደንበኞቻችንም እንዲሁ። «ካልተኮሳችሁት ለምን ያንኑ ያህል እንከፍላለን?» የሚለውን ያልሰማች ልብስ አጣቢ በመካከላችን የለችም። ይህን ጥያቄ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

እናቶቻችን እንዴት ያደርጉ ነበር?

እናታችን በስብሰባው ላይ ያስረዱን የሚከተለውን ነው። ነጠላ ወንዝ ወርዶ በእንዶድ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ አይጠመዘዝም። ውኃው በመዳፍ እየተጫነ ይወጣል እንጂ እንደ ገመድ ከተጠመዘዘ ጭምድዱ ያኔውኑ ይገባል። ከዚያ ሁለት ሴቶች ትይዩ ይቆማሉ፤ አራቱን ጫፎች ይይዙና መጀመሪያ በድሩ በኩል፣ ቀጥሎ በማጉ በኩል ሳብ ያደርጉታል። ሦስት አራት ጊዜ ያራግፉታል። ከዚያ በሣር ላይ ወይም በቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል። ዋናው ብልሃት የሚመጣው አሁን ነው፤ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ እርጥበቱ በእጅ ሲነኩት ገና ሲታወቅ ይነሳል። ጥለት ከጥለት ጋር ገጥሞ ይታጠፋል። እጥፋቱ በእጅ እየታበሰ ይስተካከላል። ማታ ከመኝታ ሥር ወይም ከከባድ ሳጥን ሥር ይደረጋል። ጠዋት ሲዘረጋ እጥፋቱ በመሥመር ይታያል። ያ መሥመር ያኔ ነውር አልነበረም። እንዲያውም ነጠላው የባለሙያ ሴት እጅ እንደነካው ምስክር ነበር።

ተማሪዎችና ወታደሮችም ሱሪያቸውን በዚሁ መንገድ ያስተካክሉ እንደነበር ከመካከላችን ብዙዎች እናስታውሳለን። ሱሪው በእጥፋቱ ተስተካክሎ ከፍራሽ ሥር ይገባል፤ ባለቤቱ ተኝቶበት ያድራል። ጠዋት እጥፋቱ ቢላዋ ይመስላል።

ይህን የመሰለ የወንዝ ዳር እውቀት ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ የእንዶድን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ተመለከቱ። ሴቶቹ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያች ምልከታ የተነሳው ምርምር በዓለም የታወቀ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። ሳይንቲስቱ ያዩት ነገር ሴቶቹ በየሳምንቱ የሚያደርጉት ነበር። ልብስ በማጠፍና በመወጠር ውስጥ ያለው እውቀትም ከዚህ አይለይም፤ ሳይንሱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ልብስ ለምን ይጨማደዳል?

ጥጥ በአብዛኛው የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባል ነገር ነው። ሴሉሎስ እንደ ረዥም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተኝተው እርስ በርስ በደካማ ትስስር ይያያዛሉ። ውኃ ሲገባ ትስስሩ ይላላል፤ ሰንሰለቶቹም እንደ ልብ ይንሸራተታሉ። ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና ይያያዛሉ፤ የሚያያዙት ግን በዚያች ሰዓት በነበሩበት ቦታ ነው። ጨርቁ ተጠምዝዞ ከደረቀ ጭምድዱ ይታሰራል። ተወጥሮ ከደረቀ ደግሞ ቅናቱ ይታሰራል። ለብሰነው ስንቀመጥ ከሰውነታችን የሚወጣው ላብና ሙቀት ትስስሩን ጥቂት ስለሚያላላው ቀሚሳችን ከኋላ ይጨማደዳል።

ካውያ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እርጥበቱ ያላላል፣ ክብደቱ ያስተካክላል፣ ሙቀቱ በፍጥነት ያደርቃል። ሙቀቱ በዋናነት የሚጨምርልን ፍጥነትን ነው። ውኃ፣ ውጥረትና ጊዜ ካሉ ያለ እሳትም ይሆናል። እናቶቻችን የሚያውቁት ይህን ነበር። ካውያ ጊዜ ለሌለው ሰው የመጣ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው የማን ጊዜ ነው የሚለው ነው።

የካውያ ዘመን

የከሰል ካውያን ለማታውቁ ወጣት እኅቶቻችን እንንገራችሁ። ሆዱ ባዶ የሆነ ከባድ ብረት ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ፍም ይጨመርበታል። እንዲግል ይወዘወዛል ወይም ይራገባል። አመድ ከተነነ ነጭ ልብስ ይበላሻል፤ ፍንጣሪ ከወጣ ልብሱ ይበሳል። ከመካከላችን አንዷ በልጅነቷ በሠራችበት ቤት የእመቤቲቱ ቀሚስ በፍንጣሪ ተበስቶ የሦስት ወር ደመወዟ እንደተቆረጠ ነግራናለች። የቀኝ እጇ ጀርባ ላይ ያለውን ጠባሳ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይህ ሸክም የእኛ አገር ሴቶች ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ካውያው ድፍን ብረት ነበር፤ ምድጃ ላይ ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ በሌላ ይለወጣል። እጀታውም ራሱ ብረት ስለነበር እጅ ያቃጥል ነበር። አዮዋ በሚባለው ግዛት ትኖር የነበረችው ሜሪ ፍሎረንስ ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1871 የሚነቀል የእንጨት እጀታ ያለው ካውያ ሠርታ የፈጠራ መብት አገኘች። በባርነት የተወለደችው ጥቁር አሜሪካዊት ሣራ ቡን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1892 የሴቶችን ልብስ እጅጌና ወገብ ለመተኮስ የሚያመች ጠባብ መተኮሻ ጠረጴዛ ፈጥራ መብቱን በስሟ አስመዘገበች። ሄንሪ ሲሊ የተባለ ሰው የኤሌክትሪክ ካውያን እ.ኤ.አ. በ1882 ቢያስመዘግብም፣ መብራት በየቤቱ እስኪገባ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በዚያው ዘመን የሆነ አንድ ታሪክ ግን ከሁሉ በላይ ነክቶናል። በአትላንታ ከተማ ባርነት ከቀረ በኋላ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሚተዳደሩት የነጮችን ልብስ በማጠብና በመተኮስ ነበር። ውኃ ይቀዳሉ፣ ሳሙና ይሠራሉ፣ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ተሸክመው ያደርሳሉ። ክፍያው ግን እንደ ደንበኛው ፈቃድ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1881 ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበው የልብስ አጣቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ለ12 ፓውንድ ልብስ፣ ማለትም ለአምስት ኪሎ ተኩል ያህል፣ አንድ ዶላር እንዲከፈላቸው ጠየቁ፤ ሥራም አቆሙ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁጥራቸው 3,000 ደረሰ። ፖሊስ ከመካከላቸው አንዳንዶቹን አሰረ። የከተማው ምክር ቤት 25 ዶላር የፈቃድ ክፍያ እንጥልባችኋለን ብሎ ሲያስፈራራቸው፣ ክፍያውን ራሳችን እንከፍላለን፣ ዋጋውን ግን እኛው እንወስናለን የሚል መልስ ሰጡ።

ይህን ስናነብ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አልን። ከመካከላችን አንዷ «እነዚህማ እኛ ነን» አለች።

ከማንቸስተር እስከ ኒው ኦርሊንስ

አሁን «ካውያ አያስፈልገውም» ወደሚባለው ሸሚዝ እንምጣ። መጀመሪያ የሞከሩት በእንግሊዝ አገር የጥጥ ከተማ በማንቸስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቱታል ብሮድኸርስት ሊ የተባለው ኩባንያ ባለሙያዎች ጨርቅን ዩሪያና ፎርማልዲሃይድ በሚባሉ ኬሚካሎች ነክረው በሙቀት ሲያደርቁት ጭምድድን እንደሚቋቋም አረጋገጡ።

እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ በዚያው በእንግሊዝ አገር ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን ፖሊስተር የሚባለውን ሰው ሠራሽ ክር ፈጠሩ። በእንግሊዝ ቴሪሊን፣ በአሜሪካ ዳክሮን፣ በጃፓን ቴቶሮን ተባለ። በእኛ አገር ገበያ «ቴትሮን» ሆኖ የገባው ይኸው ነው። የቴትሮን ሱሪ ያለው ወንድ በሰፈር ሲያልፍ እንዴት ይታይ እንደነበር ትልልቆቹ እኅቶቻችን ይነግሯችኋል። ፖሊስተር ውኃ እምብዛም ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ቅርጹም በፋብሪካ ሙቀት ስለሚያዝ አይጨማደድም። ችግሩ ላብም አለመጠጣቱ ነው። በሞቃት ቀን ላስቲክ የለበሱ ያህል ያስጨንቃል፤ የእሳት ፍንጣሪ ከነካውም ይቀልጣል።

ፖሊስተር ሲስፋፋ ጥጥ አምራቾች ተጨነቁ። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ለአገሩ ምርት አዲስ ጥቅም የሚፈልጉ አራት የምርምር ማዕከሎች ነበሩት፤ አንዱ በኒው ኦርሊንስ የሚገኘው የደቡብ ማዕከል ነው። እዚያ ከሠሩት ኬሚስቶች ዋነኛዋ ሴት ናቸው፤ ሩት ቤነሪቶ ይባላሉ።

ወይዘሮ ሩት እ.ኤ.አ. በ1916 እዚያው ኒው ኦርሊንስ ተወለዱ። በ15 ዓመታቸው ኮሌጅ ገቡ። ከኮሌጅ የወጡት ሥራ በጠፋበት ዘመን ስለነበር እያስተማሩ በጎን ተማሩ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ምርምር ማዕከሉን ሲቀላቀሉ መጀመሪያ የሠሩት ለልብስ አልነበረም። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት መብላት ላልቻሉ ቁስለኞች በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ምግብ ነበር ያዘጋጁት። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ጥጥ መለሱ።

የሠሩትን ነገር በእኛ ቤት ምሳሌ እንንገራችሁ። የጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚ እንጨቶች ይተከላሉ። ቋሚዎቹ ብቻቸውን ቢቀሩ በገፏቸው ቁጥር ይዘማሉ። ማገር ሲመታባቸው ግን ይጸናሉ። የሴሉሎስ ሰንሰለቶችም ቋሚ ናቸው። ወይዘሮ ሩትና ባልደረቦቻቸው በሰንሰለቶቹ መካከል የሚገባ አጭር የኬሚካል ማገር ፈለጉ። ማገሩ ሲመታ ሰንሰለቶቹ ውኃ ገብቶ ቢያላላቸውም እንኳ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ጨርቁ ቅርጹን አይረሳም። በዚህና በሌሎች ሥራዎች 55 የፈጠራ መብቶች በስማቸው ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ትልቅ የሕይወት ዘመን ሽልማት አገኙ፤ በ2008 የአሜሪካ ፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ስማቸው ሰፈረ። በ2013 በ97 ዓመታቸው ዐረፉ። «የማይተኮስ ጥጥ ፈጣሪ» ተብለው ሲጠሩ ደስ አይላቸውም ነበር፤ ብዙ ሰው አብሮ የሠራው ነው ብለው ያርሙ ነበር። ይህ ጠባያቸው ለእኛ ከሽልማቱ ይበልጥብናል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ምርምሩ የተከፈተው ሴቶች በመተኮስ ስለደከሙ አልነበረም፤ የጥጥ ገበያ እንዳይወድቅ ነበር። የእኛ ድካም የተቃለለው በጎን ነው። ቢሆንም ተቃሏል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የእሑድ ከሰዓቱን በካውያ የምታሳልፍ የነበረች ብዙ ሴት ያን ሰዓት መልሳ አገኘች።

ሸክሙ የት ሄደ?

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ሸክሙ ሁሉ አልጠፋም፤ ከፊሉ ቦታ ቀየረ።

በመጀመሪያ ጨርቁ ራሱ ከፈለ። ማገር የተመታበት ጥጥ ጥንካሬው ስለሚቀንስ በአንገትጌውና በእጅጌው ጫፍ ቶሎ ያልቃል። የቀድሞዎቹ ዓይነቶች ከበረኪና ጋር አይስማሙም ነበር፤ ወደ ቢጫ ይለወጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

ሁለተኛው የከበደ ነው። ማገር ለመምታት የሚያገለግሉት ብዙዎቹ ኬሚካሎች ፎርማልዲሃይድ የሚለቁ ናቸው። ዓይን ያቃጥላሉ፣ ቆዳ ያሳክካሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ከሁሉ በላይ የተጋለጡት ሸሚዙን የሚለብሱት አይደሉም፤ ጨርቁን ቀኑን ሙሉ የሚቆርጡትና የሚሰፉት ናቸው፤ አብዛኞቹም ሴቶች። በአሜሪካ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የተፈቀደው መጠን ከሚሊዮን 3 እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 1 እጅ፣ በ1992 ደግሞ ወደ 0.75 እጅ ዝቅ እንዲል ተደረገ። ያ የሆነው ሠራተኞችና ማኅበሮቻቸው ለዓመታት ስለጮኹ ነው። ዛሬ የሚለቀው መጠን ከቀድሞው በጣም ያነሰ ነው። ቢሆንም አዲስ «የማይተኮስ» ልብስ ስትገዙ፣ በተለይ ለሕፃን፣ ከመልበስ በፊት አንድ ጊዜ እጠቡት።

ሦስተኛው የእኛው ልጆች ታሪክ ነው። የማይጨማደድ ልብስ በዓለም በሞላበት ዘመን ቤይሩት፣ ሪያድና ዱባይ የሄዱ ልጆቻችን ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ይተኩሳሉ። አንሶላ ይተኮሳል፣ የውስጥ ልብስ ይተኮሳል። ከመካከላችን እዚያ ስድስት ዓመት የሠራች እኅት «ልብሱ ስላስፈለገው አይደለም፤ እኔ ስላለሁ ነው» ብላናለች። የአንዲት ሴት ሰዓት ነፃ ሲመስል የካውያ ሥራ ማለቂያ የለውም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኙ ይላል። ስምምነቱ ስለ ካውያ አንድ ቃል አይናገርም። ለእኛ ግን ከየትኛውም ኬሚካል ይልቅ ካውያን የሚያሳርፍ እርሱ ነው።

በእጃችን የሞከርነው

ታሪኩን ካነበብን በኋላ ላለፉት ወራት ሞክረነዋል። የሠራልንን እንንገራችሁ።

ሸሚዝ አይጠመዘዝም። ውኃው በመዳፍ ወይም በፎጣ እየተጫነ ይወጣል። ትከሻውን ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ አራግፉት። በገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሳይሆን በመስቀያ አንጠልጥሉት፤ የላይኛውን ቁልፍ ቆልፉ። አንገትጌውን፣ የቁልፉን መሥመርና የእጅጌውን ጫፍ በጣታችሁ እየሳባችሁ አብሱ። የሚንጠባጠበው ውኃ በክብደቱ ጨርቁን ወደ ታች ይስበዋል። ደስ የሚለው፣ የቀድሞዎቹ «የማይተኮስ» ሸሚዞች ፋብሪካም ያዝዝ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሳይጨመቅ እየተንጠባጠበ ይሰቀል ይል ነበር።

የተማሪ ሽንሽን ጉርድ ከሆነ ሽንሽኑ እርጥብ ሳለ በጣት ተስተካክሎ ከታች በኩል በመቆንጠጫ ይያዝ። አንሶላ ሁለት ሆናችሁ ሳቡት፤ ጥቂት እርጥበት ሳለው አጥፋችሁ ደራርቡት፤ ከላይ ክብደት አድርጉበት። አድሮ ሲነሳ ልስልስ ብሎ ይገኛል። ከዚያ ጨርሶ እስኪደርቅ አናፍሱት፤ እርጥበት ይዞ ከተቀመጠ ይሻግታል። የደረቀ ልብስ ተጨማዶ ካገኛችሁት በእጃችሁ ውኃ ርጩበት፣ ሳቡት፣ ነፋስ ባለበት ስቀሉት። ለመንገድ ልብስ ስታሰናዱ ከማጠፍ ጠቅልላችሁ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሁሉም አይሆንም። የሠርግ ሱፍ፣ ድርብርብ አንገትጌ፣ የሆቴል የጠረጴዛ ልብስ አሁንም ካውያ ይፈልጋል። ካውያን አልረገምንም። የሚያስፈልገውን ለይተን አወቅን እንጂ።

ውሳኔያችን

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ መጀመሪያ የጠየቅናችሁን አሻሽለናል። ለእያንዳንዳችን የኤሌክትሪክ ካውያ አንፈልግም። አንዱ ካውያ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ የመብራት ሂሳቡን አንችለውም፤ መብራት ሲጠፋም ወደ ከሰሉ መመለሳችን አይቀርም። ሁለት ይበቁናል። ከዚህ ይልቅ የምንለምናችሁ ጎኑ ክፍት የሆነ ለክረምት የሚሆን የቆርቆሮ ዳስ፣ ጠንካራ ገመድ፣ መስቀያዎችና ሰፊ የማጠፊያ ጠረጴዛ ነው። ነፋስ የሚገባበት ጣሪያ ካገኘን ዝናብ ቢዘንብም ማንም እኅት ከሰል ይዛ በር አትዘጋም።

አባላት ሆይ፣ እኛም በበኩላችን ሁለት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ካውያ መጠቀም በቡድናችን ክልክል ነው፤ ሥራው ቢዘገይ ለደንበኛው የሚነግረው ማኅበሩ ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋችን አንድ ይሆናል። የተስተካከለ ልብስ ዋጋው በካውያ ቢስተካከልም በእጅ ቢስተካከልም ያው ነው። ደንበኛ «ካልተኮሳችሁት ለምን እንከፍላለን?» ካለ መልሳችን አጭር ነው፤ የሚከፈለው ለእሳቱ ሳይሆን ለሰዓታችን ነው። አንዷ ዝቅ አድርጋ ብትቀበል የሁላችንም ዋጋ እንደሚወርድ የአትላንታ እኅቶቻችን አስተምረውናል።

በስብሰባው መጨረሻ በእጇ ላይ ጠባሳ ያለባት እኅታችንና ባለፈው ክረምት የወደቀችው እኅታችን ተነስተው የማኅበሩን ትልቁን አንሶላ ያዙ፤ አንዷ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ። ሳቡት፣ አራገፉት፣ ጥግ ከጥግ ገጥመው አጠፉት። ጥያቄውን ያነሱት እናት አጠገባቸው ቆመው እጥፋቱን በመዳፋቸው አበሱትና «እንዲህ ነበር» አሉ።